የጉዞ ጊዜ አጠቃቀም

የጉዞ ጊዜ አጠቃቀም ሰዎች ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲጓዙ፣ መጓጓዣ ሲጠብቁና በእግራቸው ሲሄዱ የሚያሳልፉትን ጊዜ በምን እንደሚያውሉት የሚመረምር የጥናት ዘርፍ ነው። ዘርፉ የትራንስፖርት ምህንድስናን፣ ምጣኔ ሀብትን፣ ጂኦግራፊንና ሶሲዮሎጂን ያገናኛል። ዋና ጥያቄውም «በመንገድ የሚያልፈው ጊዜ የባከነ ነው ወይስ የተሠራበት?» የሚል ነው።

የዘርፉ ታዋቂ ጥናቶች በአብዛኛው ወንበር ይዞ በባቡር የሚጓዝን ሰው የተመለከቱ ናቸው። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በሚገኘው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ግን የጉዞው ትልቅ ክፍል በሰልፍ፣ በእግርና በቁም ያልፋል። በዚህም የተነሳ በአካባቢው የጉዞ ጊዜን የሚያጠና ሰው ከተሽከርካሪው ውስጥ ሳይሆን ከቤት ደጃፍ መጀመር ይኖርበታል።

የጽንሰ ሐሳቡ ታሪክ

ጉዞና ሌላ ተግባርን ማጣመር አዲስ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ የባቡር ጉዞ ሲስፋፋ በመንገድ ላይ ማንበብ የተለመደ ሆነ። ደብልዩ ኤች ስሚዝ የተባለው ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1848 በለንደን ዩስተን ጣቢያ የመጻሕፍት መሸጫ ከፈተ። ይሁን እንጂ የመንገድና የባቡር ፕሮጀክቶችን የሚገመግሙ ባለሙያዎች የጉዞ ጊዜን ለረጅም ዓመታት እንደ ኪሳራ ብቻ ይቆጥሩት ነበር። አዲስ መንገድ የሚያስገኘው ትልቁ ጥቅም የቀነሰው ደቂቃ ነው ተብሎ ይሰላ ነበር።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ጽሑፍ ጊዜ እንደ ገንዘብ ውስን ሀብት እንደሆነና ቤተሰብም በሥራ፣ በቤት ውስጥ ተግባርና በዕረፍት መካከል እንደሚያከፋፍለው አስረዳ። በዚያው አሥርተ ዓመት በሃንጋሪያዊው አሌክሳንደር ሳላይ አስተባባሪነት በ12 አገሮች የተካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት የሰዎችን የ24 ሰዓት ውሎ በማስታወሻ መመዝገብ እንደሚቻል አሳየ። የጥናቱ ውጤት በመጽሐፍ መልክ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው።

ስዊድናዊው የጂኦግራፊ ምሁር ቶርስተን ሄገርስትራንድ እ.ኤ.አ. በ1970 የጊዜ ጂኦግራፊ የሚባለውን አስተሳሰብ አቀረበ። በእርሱ አገላለጽ የሰውን የዕለት እንቅስቃሴ ሦስት ዓይነት ገደቦች ይወስኑታል። የመጀመሪያው የአቅም ገደብ ሲሆን እንቅልፍን፣ ምግብንና የመጓጓዣ ፍጥነትን ይመለከታል። ሁለተኛው ከሌሎች ሰዎች ጋር በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ የመገኘት ግዴታ ነው። ሦስተኛው የሥልጣን ገደብ ይባላል፤ የመሥሪያ ቤት የሥራ ሰዓትና የመግቢያ ፈቃድ ከዚህ ይመደባሉ። ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ በ1 ሰዓት ፋብሪካ መግባት ያለባት እናት ሦስቱም ገደቦች በአንድ ጠዋት ያገኟታል።

በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያኮቭ ዛሃቪ፣ በ1994 ደግሞ ጣሊያናዊው ቼዛሬ ማርኬቲ፣ በልዩ ልዩ ከተሞች የሚኖሩ ሰዎች በአማካይ በቀን አንድ ሰዓት ያህል በጉዞ እንደሚያሳልፉ ጽፈዋል። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት መጓጓዣ ሲፈጥን ሰዎች ትርፉን ጊዜ ቤት አያሳልፉትም፤ ይልቁንም ራቅ ወዳለ ቦታ ይሄዱበታል። አማካይ ቁጥር ግን በአንድ ከተማ ውስጥ ያለውን ልዩነት ይሸፍናል። ከሥራው አጠገብ የሚኖርና ከከተማው ዳር የሚነሳ ሰው በአንድ አማካይ ውስጥ ይጠቃለላሉ።

ፓትሪሺያ ሞክታሪያንና ኢላን ሰሎሞን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ጉዞ የሚሰጠው ጥቅም ከሦስት ነገሮች ሊመጣ እንደሚችል አብራርተዋል። እነዚህም በመድረሻው የሚከናወነው ተግባር፣ በመንገድ ላይ የሚከናወነው ተግባርና መጓዝ ራሱ የሚሰጠው ደስታ ናቸው። በ2005 ግሌን ላዮንስና ጆን ኡሪ የመረጃ ዘመን የጉዞን ጊዜ እንዴት እንደለወጠው የሚመረምር ጽሑፍ አወጡ። በብሪታንያ ብሔራዊ የባቡር ተሳፋሪዎች ጥናት እ.ኤ.አ. በ2004 ለተጓዦች ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦላቸው ጊዜያቸው በከንቱ እንዳለፈ የተናገሩት ከአምስት አንድ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ጁልየት ጄንና ላዮንስ በ2008 ባሳተሙት ጽሑፍ ደግሞ ጉዞ ከቤት ኑሮ ወደ ሥራ መሸጋገሪያና ከሌሎች ጥያቄ ማረፊያ ሊሆን እንደሚችል ገልጸዋል።

እነዚህ ድምዳሜዎች ጠንካራ ቅድመ ሁኔታ አላቸው። ተጓዡ የሚቀመጥበት ወንበር፣ የሚያነብበት ብርሃን፣ ዕቃውን የሚያኖርበት ቦታና የሚደርስበትን ሰዓት የማወቅ ዕድል አለው ተብሎ ይታሰባል።

አቃቂ ቃሊቲ

አቃቂ ቃሊቲ ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች አንዱ ሲሆን ወደ ቢሾፍቱና አዳማ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ተዘርግቷል። ስሙን ያገኘው ከሁለቱ ዋና ሰፈሮቹ ከአቃቂና ከቃሊቲ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የቀድሞው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 በአቃቂ በኩል አልፎ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርተ ዓመታት በሐዲዱና በመኪናው መንገድ አቅራቢያ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረት፣ የምግብና የመለዋወጫ ፋብሪካዎች ተተክለዋል። በዚህም አካባቢው ከአገሪቱ ቀደምት የኢንዱስትሪ ሰፈሮች አንዱ ሆኗል።

አካባቢው ሁለት ዓይነት የጉዞ ጅረት ያስተናግዳል። አንደኛው ከሌሎች ሰፈሮች ወደ ፋብሪካዎቹ፣ ወደ መጋዘኖቹና በቂሊንጦ ወደሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ከመኖሪያ ሰፈሮቹ ተነስቶ ወደ ሳሪስ፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮና መርካቶ የሚሄድ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ቤቶች ፕሮግራም ሁለተኛውን ጅረት አብዝቶታል። በገላን፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቂሊንጦና በኮዬ ፈጬ የተሠሩት ቤቶች የሚተላለፉት በዕጣ በመሆኑ ባለዕድለኛው የሚገባበትን ሰፈር አይመርጥም። የቤት ባለቤት የሆነ ሰው ሥራው፣ ዘመዱና የልጆቹ ትምህርት ቤት መሃል ከተማ ሊቀሩበት ይችላሉ።

መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሰሜን–ደቡብ የቀላል ባቡር መስመር ከምኒልክ አደባባይ ተነስቶ በመርካቶ፣ በልደታ፣ በሜክሲኮ፣ በስታዲየምና በሳሪስ በኩል ቃሊቲ ይደርሳል። ርዝመቱ 16.9 ኪሎ ሜትር ነው። ሲጀመር ታሪፉ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ባቡሩ የራሱ ሐዲድ ስላለው የመንገድ መጨናነቅ አያግደውም፤ ይህም የሚደርስበትን ሰዓት መገመት ቀላል አድርጎ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ለሁለቱ መስመሮች ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ ዕጦት በመቆማቸው የመጠበቂያው ጊዜ ረዝሟል፤ በባቡሩ ውስጥም መጨናነቅ ጨምሯል። በተጨማሪም መስመሩ የሚያበቃው ቃሊቲ ላይ ስለሆነ የአቃቂ፣ የገላንና የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ ከዚያ ወዲያ ታክሲ ወይም አውቶቡስ መያዝ አለበት።

ከባቡሩ ሌላ አካባቢውን የሚያገለግሉት የአንበሳና የሸገር አውቶቡሶች፣ ቅጥቅጥ የሚባሉት መካከለኛ አውቶቡሶች፣ ሚኒባስ ታክሲዎች፣ ለመንግሥት ሠራተኞች የተመደቡ አውቶቡሶችና የፋብሪካዎች ሰርቪስ ናቸው።

ጊዜው በምን ያልፋል

በሰልፍ

በጠዋትና በማታ የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የታክሲ ሰልፍ በአዲስ አበባ የተለመደ ነው። ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው እጁ ነጻ ቢሆንም ሐሳቡ ነጻ አይደለም። ተራውን ይጠብቃል፣ የሚመጣውን መኪና ታፔላ ያነባል፣ የረዳቱን ጥሪ ያዳምጣል፣ «ሌላ ይመጣል ወይስ በእግሬ ልጀምር?» እያለ ያሰላል። በዚህ ሁኔታ ስልክ መደወልና ከጎን ካለው ሰው ጋር ማውራት ይቻላል፤ ረዘም ያለ ትኩረት የሚፈልግ ነገር ግን ይከብዳል። በክረምት ዝናብና ጭቃ ሲጨመርበት ይህም ያንሳል።

አንዳንድ አሽከርካሪዎች ተሳፋሪ በሚበዛበት ሰዓት መንገድ ያቆራርጣሉ፤ ማለትም አንዱን መስመር ለሁለት ከፍለው ተሳፋሪው መሃል ላይ ወርዶ እንደገና እንዲሳፈር ያደርጋሉ። ውጤቱ ተጨማሪ ክፍያ ብቻ አይደለም። ያልተቋረጠ የ40 ደቂቃ ጉዞ ለእንቅልፍ ወይም ለንባብ ሊበቃ ይችላል፤ ተቆራርጦ በመሃሉ ሰልፍ ሲገባበት ግን ለየትኛውም አይበቃም።

በተሽከርካሪ ውስጥ

በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ የሚታዩት ተግባራት የታወቁ ናቸው። ተሳፋሪው ራዲዮ ያዳምጣል፣ ስልኩን ይመለከታል፣ ያንቀላፋል፣ የጸሎት መጽሐፍ ያነባል፣ ከጎረቤቱ ጋር ስለ ኑሮ ውድነት ወይም ስለ እግር ኳስ ይጨዋወታል፣ አሽከርካሪው የለጠፋቸውን ጥቅሶች ያነባል። ተማሪ ደብተሩን ይከልሳል። ሒሳብ መሰብሰብና መልስ መቀባበልም የጋራ ሥራ ነው፤ ከኋላ የተላከ ገንዘብ በተሳፋሪዎች እጅ አልፎ ወደ ረዳቱ ይደርሳል።

የመቀመጫው ቦታ ሳይቀር ለውጥ ያመጣል። በመስኮት በኩል የተቀመጠ ሰው መተኛት ይችላል፤ በር አጠገብ ያለው «ወራጅ አለ» በተባለ ቁጥር ይነሳል። በተጨናነቀ አውቶቡስ ወይም ባቡር ውስጥ የቆመ ሰው ደግሞ አንድ እጁ ብረት ይይዛል፣ ሌላው ቦርሳውን ይጠብቃል። ኪሱ እንዳይገባ የሚሰጋ ተሳፋሪ ስልኩን አያወጣም። ሴቶች በግፊያው ውስጥ ከሚደርስባቸው ትንኮሳ ራሳቸውን መጠበቅ ስለሚጨመርባቸው የእነርሱ የጉዞ ጊዜ ከዚያው ቦታ ከቆመ ወንድ ጊዜ የተለየ ነው።

በእግር

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአዲስ አበባ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ እንደሚያመለክተው በከተማዋ ከሚደረጉት ጉዞዎች 54 በመቶው በእግር ነው። የእግር ጉዞ ሥራና መንገድን ያጣምራል። ከፋብሪካ የሚመለሱ ሠራተኞች በቡድን እየተጨዋወቱ ይሄዳሉ፣ አትክልትና ዳቦ እግረ መንገድ ይገዛል፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ይወሰዳል። አማርኛም ጉዞን ከሌላ ጉዳይ ጋር ማጣመርን የሚያመለክት «እግረ መንገድ» የሚል ቃል አለው። ሆኖም በእግር መሄድ ሁልጊዜ ምርጫ አይደለም፤ የታክሲ ሒሳብ ለማዳን የሚሄድ ሰው ጊዜውን በገንዘብ ይለውጣል።

በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 አገር አቀፍ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት አካሂዷል። ጥናቱ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች የ24 ሰዓት ውሏቸውን በምን እንዳሳለፉ የመዘገበ ሲሆን በተለይ ክፍያ የማይታሰብበትን የቤት ውስጥ ሥራ፣ ውኃና ማገዶ መልቀምን ጨምሮ፣ ለማሳየት ጠቅሟል።

የጉዞ ወጪና ጊዜ በሰው ዕድል ላይ የሚያሳድሩትን ተጽዕኖ በቀጥታ ከፈተኑት መካከል በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው የሳይመን ፍራንክሊን ሥራ ይገኛል። ፍራንክሊን በአዲስ አበባ ከመሃል ከተማ ርቀው ለሚኖሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች በዕጣ የትራንስፖርት ድጎማ እንዲሰጥ አደረገ። የወቅቱ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳዎች በአብዛኛው መሃል ከተማ ይገኙ ስለነበር ሥራ መፈለግ ራሱ በየጊዜው መጓዝን ይጠይቅ ነበር። ተመራማሪው ወጣቶቹን በየጊዜው ስልክ በመደወል ተከታተላቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት መሠረት ድጎማውን ያገኙት ወጣቶች ሥራ ፍለጋቸውን አጠናክረዋል፣ ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ጨምሯል፣ ለጊዜውም ቢሆን የቀን ሥራና መሰል ጊዜያዊ ሥራዎችን ቀንሰዋል። ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው የታክሲ ሒሳብ ያጣ ወጣት የሚያጣው ጉዞውን ብቻ ሳይሆን የተሻለ ሥራ እስኪያገኝ የመጠበቅ አቅሙንም ነው።

ግሩም አበበ፣ ስቴፋኖ ካሪያ፣ ማርሴል ፋፍሻምፕ፣ ፓውሎ ፋልኮ፣ ፍራንክሊንና ሳይመን ኵዊን ወደ 3,000 በሚጠጉ ወጣቶች ላይ ያካሄዱት ሰፋ ያለ ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ይህ ጥናት የትራንስፖርት ድጎማን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ትብብር ከተሰጠ የሥራ ማመልከቻ ሥልጠና ጋር አነጻጽሯል። ሁለቱም በአጭር ጊዜ የተሻለ ሥራ ለማግኘት ረድተዋል። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የገቢ ዕድገት የታየው ሥልጠናውን በወሰዱት ላይ ሲሆን የድጎማው ውጤት ደብዝዟል። ጥናቱ መንገድን ማቅለል በር እንደሚከፍት፣ ብቻውን ግን ዘላቂ ለውጥ እንደማያመጣ ያሳያል።

የምርምር ዘዴ

በዶክትሬት ደረጃ የጉዞ ጊዜን የሚያጠና ሰው ብዙውን ጊዜ የተለያዩ ዘዴዎችን ያጣምራል። ዋነኞቹ የጊዜ ማስታወሻ፣ ቃለ መጠይቅ፣ በተሽከርካሪ ውስጥ የሚደረግ ምልከታ፣ ከተጓዡ ጋር አብሮ መጓዝና በስልክ የሚመዘገብ የአቅጣጫ መረጃ ናቸው።

በአዲስ አበባ ዳርቻ እነዚህ ዘዴዎች ማስተካከያ ይፈልጋሉ። አንደኛ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የቀኑ 1 ሰዓት ከፀሐይ መውጣት በኋላ ያለው ሲሆን በውጭው አቆጣጠር 7 ሰዓት ነው። መጠይቁም ሆነ የስልኩ ሰዓት ይህን ካልለየ መረጃው በስድስት ሰዓት ይዛነፋል። ሁለተኛ፣ «ጉዞው ስንት ሰዓት ወሰደ?» ሲባል ብዙ ሰው የሚመልሰው ከተሳፈረ በኋላ ያለውን ነው፤ ስለዚህ ከቤት የወጣበት፣ ሰልፍ የደረሰበት፣ የተሳፈረበትና የወረደበት ሰዓት ለየብቻ መጠየቅ አለበት። ሦስተኛ፣ ዋና ተግባርና ጎን ለጎን የሚደረግ ተግባር መለየት አለባቸው፤ ልጅ ታቅፋ ሬዲዮ የምትሰማ እናት «ሬዲዮ ሰማች» ተብላ ብቻ ብትመዘገብ ሥራዋ ይጠፋል። አራተኛ፣ ያልተደረገ ጉዞም መረጃ ነው። መንገዱን ፈርቶ ማታ መማር የተወ ተማሪ በታክሲ ውስጥ በሚደረግ ምልከታ አይገኝም።

የጊዜ ዋጋ ስሌት

የጉዞ ጊዜ ጥናት ውጤት በመጨረሻ የሚደርሰው መንገድና ባቡር የት ይሠራ በሚለው ውሳኔ ላይ ነው። አንድ ፕሮጀክት ሲገመገም ለተጓዦች የሚያተርፈው ደቂቃ በገንዘብ ይተመናል። ለሥራ ጉዳይ የሚደረግ ጉዞ በደመወዝ መጠን ይሰላል፤ ሌላው ጉዞ፣ ወደ ሥራ መሄድን ጨምሮ፣ በገቢ ክፍልፋይ። ኬኔት ግዊሊያም እ.ኤ.አ. በ1997 ለዓለም ባንክ ባዘጋጀው መመሪያ ሌላ መረጃ በሌለበት ከሥራ ውጭ ያለ የአዋቂ ሰው የጉዞ ጊዜ በቤተሰቡ የነፍስ ወከፍ ገቢ 30 በመቶ እንዲተመን ሐሳብ አቅርቧል። በእግር የሚሄዱበትና መጓጓዣ የሚጠብቁበት ጊዜ ደግሞ በአንድ ተኩል እጥፍ እንዲባዛ መክሯል።

ይህ ስሌት በአቃቂ ቃሊቲ ላሉ ተጓዦች ሁለት ተቃራኒ ውጤት አለው። ዋጋው በገቢ ላይ ሲመሠረት የዝቅተኛ ደመወዝተኛ ሰዓት ርካሽ ይሆናል፤ ስለዚህ ባለመኪናዎች የሚበዙበት መንገድ ብልጫ ሊያገኝ ይችላል። መጠበቅና በእግር መሄድ ከፍ ብለው ሲቆጠሩ ግን የሰልፍ ጊዜን የሚቀንስ ሥራ ትልቅ ጥቅም ያሳያል። ገቢው ለሁሉም በአንድ አማካይ እንዲሰላ የሚከራከሩ ባለሙያዎች የመጀመሪያውን አድልዎ ለማረም ነው።

የጊዜውን ክብደት በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ሠራተኛ በደርሶ መልስ 3 ሰዓት በመንገድ ቢያሳልፍና በሳምንት 6 ቀን ቢሠራ በሳምንት 18 ሰዓት ይሆናል። ይህ ከሁለት የ8 ሰዓት የሥራ ቀናት ይበልጣል። ለዚህ ጊዜ ደመወዝ አይከፈልም፤ የሚቀነሰውም ከእንቅልፍ፣ ከቤተሰብ ወይም ከትምህርት ነው።

የሚነሱ ክርክሮች

በዘርፉ ከሚነሱት ክርክሮች አንዱ ተጓዦች ጊዜያቸውን የሚጠቀሙበት ከሆነ መጓጓዣን ማፋጠን ያን ያህል አያስፈልግም የሚለው ነው። ለባቡር ተሳፋሪዎች የተነሳው ይህ ሐሳብ ሳይመረመር ወደ ሌላ ቦታ ሲወሰድ አደጋ አለው። በታክሲ ውስጥ ማንቀላፋት የጉዞውን ጥቅም ሳይሆን ከንጋቱ 10 ሰዓት የተነሳን ሰው ድካም ሊያመለክት ይችላል።

ሌላው ክርክር ተንቀሳቃሽ ስልክ የጉዞን ጊዜ ወደ ሥራ ጊዜ ለውጦታል የሚለውን ይመለከታል። ለቢሮ ሠራተኛ መልእክት መመለስ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ማሽን ላይ ለሚሠራ የፋብሪካ ሠራተኛ ግን ሥራው ከእርሱ ጋር ታክሲ አይሳፈርም።

በዚህ የተነሳ ፍጥነት ብቸኛው መለኪያ ሊሆን አይችልም። በታወቀ ሰዓት የሚመጣ አውቶቡስ፣ ዝናብና ፀሐይ የሚከላከል መጠለያ፣ የማይቆራረጥ መስመር፣ ብርሃን ያለው የእግረኛ መንገድና የሚበቃ መቀመጫ ደቂቃ ባይቀንሱ እንኳ ተጓዡ ጊዜውን ራሱ እንዲያዝበት ያደርጋሉ። ጊዜው የባከነ ወይም የተሠራበት መሆኑን በአብዛኛው የሚወስኑት እነዚህ ነገሮች ናቸው።